ማማ

አባቷ እንድሪስ፣ ከሐርቡ ማሽላ ላይ፣
በአራት ባላ ማማ፣ በመሬትና ሰማይ
መካከል ተሰቅሎ፣
ወንጭፉን ጠቅልሎ፣
ግሪሳ ሲመልስ ዕድሜው ተገፋ።
ልጁ ጦይባ ደግሞ ሌላ ማማ ወጣች፣
ባለመስታወቱን፣ ኮምቦልቻ ያለውን፤
ወንጭፏ ድምፅዋ ነው፣
ግሪሳዋ ብረት፣
በቀን አንድ፣ ሲበዛ ሁለት።

እኔ ሙሄ ነኝ፣ ሁለተኛው ፈረቃ።
ሁለት ነበርን፤ ጠቅላላው ያ ነው፣ በቃ።
የእኅቴን ሰርግ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያየሁት፤
እሷ ምሳ ሳትበላ እስክመለስ ጠበቀችኝ።

በጥር መጨረሻ ደብዳቤ መጣላት፣
ሰማዩ ከሞላ፣ ሰው ከጎደለበት
ከሩቅ አገር።
«የማማ ሠራተኛ እጥረት ገጥሞናል፤
ከውጭ እንቀጥራለን፤ ቤት ይዘጋጃል፤
ደመወዙም...» እዚህ ጋ ጣቷን አሳረፈች፣
ዜሮዎቹን ቆጥራ እንደገና ጀመረች፤
ከዚያ ወረቀቱን ከነፋስ መዝገቡ ሥር
ሸሸገችው።
ሳምንት አላወራንም፣ ከአየር ጠባይ በቀር።

አባቷ ሲሰማ ብዙ ዝም አለና፣
«የነሱስ ልጆች የት ሄደው ነው?» አለ።
«አሉ፣ አባ። ግን አልበቁም። ደክሟቸዋል፤
አንዳንዱም ጥሎ ወጥቷል።»
«እሺ። እኛም ግሪሳ የበዛ ዓመት
ከባቲ በኩል ሰው በቁና እንቀጥር ነበር።»
መሬቱን በዱላው ጫር ጫር አደረገ።
«የሰውዬውን ማሽላ ማን ጠበቀለት? ብዬ
ጠይቄው አላውቅም።
ይኸው ዛሬ ቆጨኝ።»

ርክክቡ ሐሙስ ነበር።
ቁልፍ፣ አቅራቢ መነጽር፣ ክዳኑ የጠፋ ፔርሙዝ።
ከዚያ መዝገብ የማይጽፈውን ነገረችኝ፦
«ሐረጎ በጠዋት የጉም ቆብ ከደፋ፣
ደሴ ደውል፣ ሆጤ፣ አክስቴን ጠይቃት፤
ጦሳ ከታያት ትንሽ ጊዜ አለህ፤
ካልታያት አብራሪውን በተስፋ አታዙረው።
ከቄራው በላይ የሚነሡ አሞሮች አሉ፣
ፀሐይ ሞቅ ሲል ሽቅብ ይወጣሉ፤
ከበረራ ሰሌዳው ይልቅ ሰዓት ያከብራሉ።
የቦርከና ነፋስ ከሰዓት ይዞራል፤
መሣሪያው ሳይሰማ ባሕር ዛፉ ያውቃል።
እና ሙሄ፣ ስትናገር አትፍጠን፤
ላይ ያለ ሰው ከድምፅህ ሌላ
የሚይዘው ነገር የለውም።»

ቅዳሜ። መቀመጫ አሥራ አንድ፣ በመስኮቱ በኩል።
እኔ ከላይ፣ ብቻዬን።
አብራሪው «ለመነሣት ዝግጁ» አለ።
«ባለህበት ቆይ» አልኩት።
«ምን ተፈጠረ?»
«ላም። መንደርደሪያው ላይ።»
አራት ደቂቃ።
መዝገቡም ላይ አለች፣ በእጄ ጽሑፍ፦
አንዲት ቀይ ላም፣
በምሥራቅ ገብታ በምዕራብ የወጣች።
በዓይኔ ሸኘኋት፣ ጭራዋ እስኪጠፋ፤
ያልነበረች ላም እንዲህ ትከብዳለች?
ከዚያ ነፋሱን ነገርኩት፣ አቅጣጫና ኃይሉን፣
«ለመነሣት ተፈቅዷል» አልኩ፤
አልፈጠንኩም።

አሁን ሁለቱም ፈረቃ የእኔ ነው።
«ሰው ላኩልኝ» ብዬ ለአዲስ አበባ ጻፍኩ።
መልሱ መጣ፦ «እጥረቱ ይታወቃል፤
ከውጭ ባለሙያ ለመቅጠር በጥናት ላይ ነን።»
ብቻዬን ሳቅሁ፤ መስታወቱ መልሶ ሳቀብኝ።
ምናልባት እሱም፣ ያ የሚመጣው ሰው፣
ከኋላው ሌላ ማማ ጨለማ ውጦታል፤
ስለ አሞሮቹ እነግረዋለሁ፣ ስለ ላሟ ግን አልነግረውም።

ትናንት ሌሊት በስልኬ አንድ ቃል፦ «አለህ?»
ተኝቼ ነበር።
አባቷ ነግሮኛል፣ ማሽላ ጠባቂዎች
ከማማ ወደ ማማ በጨለማ እንደሚጠራሩ፣
እንቅልፍ እንዳይጥላቸው።
ስነሣ ሐረጎ ቆቡን ደፍቷል።
ሆጤ ደወልኩ።
«ጦሳ አይታየኝም» አለች አክስቷ፣
«ልጄስ? ለአንተ ትታይሃለች?»